ኮሽም የተቀባ ዓሣ

«አትነግሪያቸውም» አለች አምሳለች እንቁላሉን በሳህኑ ጠርዝ ላይ እየሰበረች።

ፍሬ ዓይኗን ከድስቱ አላነሳችም። ከሰሉ ላይ የጣደችው የኮሽም ጭማቂ መንተክተክ ጀምሯል፤ ፊቷን ካዞረች ያርርባታል። ማንኪያዋን ሳታቋርጥ ታማስላለች። እናቷ ሌላ እንቁላል ጨመረች፣ በሹካ መታችው፣ ጨው ጣል አደረገችበት፣ ከዚያ ሳህኑን ወደ ልጇ ገፋችው።

«ዓሣውን መጀመሪያ ዱቄት ታስነኪዋለሽ። ከዚያ እዚህ ውስጥ ነክረሽ ትጠብሺዋለሽ። ኮሽሙ ከላይ ሲፈስበት አይታይም።»

«ቢያውቁስ?»

«ከምን ያውቃሉ? እስከ ዘንድሮ ዓሣ ቀምሰው አያውቁም። ዓሣ ሲጠበስ እንዲህ ነው ብለው ነው የሚያስቡት።»

እውነቷን ነው። ፍሬን የከበዳትም ይኸው ነበር።

እማሆይ ወለተ ኢየሱስ የአምሳለች እናት ናቸው፤ የፍሬ አያት። ባላቸው ሲሞቱ መንኩሰው፣ ሞጣ ውስጥ በገዛ ግቢያቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መስከረም ላይ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ ተንሸራተው ጭናቸው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና አምሳለች ቢቸና ወደ ራሷ ቤት አመጣቻቸው። ፍሬ መኝታ ክፍሏን ለቃ ከእናቷ ጋር መተኛት ጀመረች። አጥንቱ ደህና ነበር። ቁስሉ ግን አልዘጋ አለ።

እዚያው ግቢ ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው ሲስተር ሃና ነርስ ናት፤ የአርባ ምንጭ ልጅ። ሃይማኖቷ ሌላ ነው። እማሆይ ግን ቁስላቸውን ስታጥብላቸው ስሟን እየጠሩ ይጸልዩላታል። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ጓንቷን አወለቀችና አምሳለችን ወደ በረንዳው ጠራቻት። ቁስል በመድኃኒት ብቻ እንደማይዘጋ፣ ሰውነት ራሱን የሚጠግንበት ምግብ እንደሚፈልግ ነገረቻት። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፤ እሱ ካልሆነ ቢያንስ ዓሣ። እንዲህ ከቀጠሉ ግን ወደ ሆስፒታል መመለሳቸው አይቀርም አለቻት። ፍሬ መስኮቱ ሥር ሆና ትሰማለች። ሲስተር ሃና ቀጥሎ የተናገረችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ያም ሆኖ ፍሬ «መቁረጥ» የሚለውን ቃል ለየችው።

ጊዜው ደግሞ የነቢያት ጾም ነው። እማሆይ በቀን አንዴ፣ ያውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ትንሽ ሽሮ ቀምሰው እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ። አምሳለች ለመነች፤ አልሆነም። የነፍስ አባታቸውን መምሬ ኃይለ ሚካኤልን አስጠራች። መምሬ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው በሽተኛ ለጾም እንደማይገደድ ረጋ ብለው አስረዱ። እማሆይ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸውና፣ መምሬ ገና በልጅነታቸውም ለሰው ሆድ የሚራሩ እንደነበሩ እንደሚያስታውሱ ነገሯቸው። ይህ አይሆንም ማለት ነው። ብዙ ከተመላለሱ በኋላ የተስማሙት በዓሣ ብቻ ነበር። በዚህ ጾም ዓሣ ይበላል የሚል አለ፣ አይበላም የሚልም አለ። መምሬ ይበላል ከሚሉት ወገን ነበሩ፤ እማሆይም ቃላቸውን ተቀበሉ።

ዓሣው የሚመጣው ከባሕር ዳር ነው። የአምሳለች ወንድም ባምላኩ በሞጣ በኩል ሚኒባስ ይነዳል፤ መንገድ ሲከፈት በበረዶ ሳጥን ያመጣል፣ መንገድ ሲዘጋ የለም። የመጀመሪያውን ዓሣ አምሳለች በቲማቲም ቀቀለችው። ሽታው ገና ከበሩ ሲደርስ እማሆይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ይህን የሚበላ ሰው መዋኘት መቻል አለበት» አሉና ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጎተቱ።

ያን ቀን ሽሮውንም አልቀመሱም።

ማታውን ሲስተር ሃና ለፍሬ የእናቷን ዘዴ ነገረቻት። አርባ ምንጭ ሳሉ እናቷ ማንጎ በሎሚ አብስላ፣ ወፍራም ሲሆን የተጠበሰው ዓሣ ላይ ትቀባው ነበር። ጣፋጭም ጎምዛዛም ሲሆን ሽታው ይጠፋል አለች። ፍሬ ሳቀች። ቢቸና በኅዳር ማንጎ ከየት ይመጣል? ስቃ ስታበቃ ግን የሞጣው አጥር ትዝ አላት። የእማሆይ ግቢ ዙሪያውን ኮሽም ነው። በልጅነቷ ለዓመት በዓል ሲሄዱ፣ እሾሁ ክንዷን እየቧጨራት ቢጫ ቢጫውን እየለቀመች ጥርሷን እስኪያጠርሳት ትበላ ነበር። ለአጎቷ ደወለች። ባምላኩ፣ ኮሽም በዓሣ የሚባል ነገር በዘር ማንዘሩ ሰምቶ እንደማያውቅ ነገራት። ቢሆንም በሚቀጥለው ጉዞው ከበረዶው ሳጥን ጋር አንድ ፌስታል ኮሽም ላከ።

መጀመሪያ አሳረረችው። ቀጥሎ ማሩን ሰስታ እንኳን ለበሽተኛ ለጤነኛም የማይቻል ኮምጣጣ አወጣች። እየቆየች ግን ለመዳት። ኮሽሙን በጥቂት ውኃ ቆዳው እስኪፈነዳ ትቀቅላለች። በወንፊት አጥልላ ዘሩን ትጥላለች። ጭማቂውን ከማርና ከተወቀጠ ዝንጅብል ጋር መልሳ ትጥዳለች። የማንኪያውን ጀርባ እንደ ሰም ሲይዝ ታወርደዋለች። ዓሣውን በሎሚና በጨው አጥባ፣ በደንብ አድርቃ፣ በዘይት ትጠብሰዋለች፤ ከዚያ በትኩሱ ኮሽሙን ታፈስበታለች። ቀለሙ የበሰለ ብርቱካን ይመስላል፤ ያብረቀርቃል።

እማሆይ የመጀመሪያውን ጉርሻ አፋቸው ውስጥ ይዘው ቆዩ።

«ይሄ የኔ አጥር ነው» አሉ።

ግማሹን በሉ። ሳህኑን ሲመልሱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከፍሬ እጅ ብቻ እንደሚበሉ አስታወቁ። አምሳለች እዚያው ቆማ እየሰማች ነው።

«እናትሽ ልቧ ደግ ነው፣ እጇ ግን አይታመንም። በልጅነቷ በሁዳዴ እርጎ ከማሰሮው አፍ ላይ ስትልስ ይዣታለሁ። እስከ ዛሬ ጢሟ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየኝ።»

አምሳለች ሳቀች። እማሆይ አልሳቁም። ዓይናቸው ፍሬ ላይ ነበር።

«ንጹሕ ነው?»

«ንጹሕ ነው፣ እማሆይ» አለች ፍሬ። ያኔ እውነት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቁ የበሉበት ቀን የለም። እሷ ሳህኑን ታስቀምጣለች፣ እሳቸው ዳዊታቸውን ይዘጋሉ፣ «ንጹሕ ነው?» ይላሉ፣ «ንጹሕ ነው» ትላለች፣ አማትበው ይጀምራሉ። ልክ እንደ ጸሎቱ ማሳረጊያ ሆኖ ነበር።

ታዲያ ግማሽ ዓሣ ቁስል አይዘጋም። መንገዱ ደግሞ በመካከሉ ለቀናት ተዘጋና ሽሮው ተመለሰ። ሲስተር ሃና ፋሻውን ስትፈታ ፊቷ ላይ የሚታየውን አምሳለች አየች። ዓሣው እንደገና በመጣ ዕለት ነው እንቁላሎቹን ይዛ ማድ ቤት የገባችው።

ፍሬ እንደታዘዘችው አደረገች። እንቁላሉ ዓሣውን ዙሪያውን አቅፎ፣ ሳይቦጨቅ፣ ቢጫ ሆኖ ተጠበሰ። ኮሽሙ ሲፈስበት በእርግጥም አይታይም። ሳህኑን ይዛ ስትገባ እማሆይ ዳዊታቸውን ዘጉ።

«ንጹሕ ነው?»

«አዎ» አለች ፍሬ።

ለምን «ንጹሕ ነው» እንዳላለች ራሷም አታውቅም። እማሆይ አማተቡና በሉ። ሁሉንም በሉ። የመጨረሻዋን ቁራጭ እንደ ልማዳቸው ለእሷ ሊያጎርሷት እጃቸውን ዘረጉ። ፍሬ የማጠናው አለኝ ብላ ወጣች።

*

ትምህርት ቤት ከጎኗ የሚቀመጠው ይርሳው ዲያቆን ነው። ዓሣ መጥበስ ከጀመረች ወዲህ ወደ ክፍል ስትገባ «ጣና መጣች» ይላል፤ አንዳንዴም ስንት ጀልባ እንደተከተላት ይጠይቃታል። ሹራቧ ይሸታል፤ ታውቃለች። ሌላ ጊዜ «ፋራ» ብላው ታልፋለች። የዚያን ቀን አላለፈችውም። በእረፍት ሰዓት ግንቡ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ሲቆረጥም አገኘችው።

«አንድ ሰው ሳያውቅ ጾም ቢገድፍ ምን ይሆናል?»

«ማነው?»

«ሰው ነው አልኩህ።»

«ሳያውቅ ከሆነ እሱ ላይ ምን አለበት? ያበላው ላይ ነው እንጂ።»

«ያበላው እንዲድን ብሎ ቢሆንስ? ካልበላ ሊሞት ቢሆን?»

ይርሳው መቆርጠሙን አቆመ። አንድ ነገር ሊቀልድ እንደነበር ፊቱ ላይ ይታያል፤ ተወው።

«እዚያ ጋ ገና አልደረስንም» አለ። ከዚያ እፍኝ ቆሎ አቀበላት።

*

እንቁላሉ ሠራ። ነገሩን የሚያከብደው ይህ ነው። ቁስሉ ዳር ዳሩን ሮዝ እያለ መጣ። ሲስተር ሃና የእማሆይን እጅ ይዛ እንደ ልጅ ወዘወዘችው። ምን እያበሏቸው እንደሆነ አምሳለችን ጠየቀቻት፤ አምሳለችም ዓሣ ነው አለች። ሲስተር ሃና የእናቷ ዘዴ በጎጃም ኮሽም እንዲህ መሆኑን ስትሰማ ደስ አላት፤ ወዲያው አርባ ምንጭ ደውላ ነገረቻቸው። እማሆይ ትራስ ተደግፈው መቀመጥ ጀመሩ። ምላሳቸውም ጉልበት አገኘ። የባምላኩን ሚኒባስ፣ የቢቸናን ውኃ፣ የሲስተር ሃናን የፀጉር አሠራር እያነሱ ይተቻሉ።

ፍሬ በየቀኑ «አዎ» ትላለች።

መጀመሪያ ሰሞን ሳህኑን አስቀምጣ ትወጣ ነበር። ቆይቶ ግን መውጣቱም አልረዳት አለ። የሚኒስትሪ ፈተና ጥያቄዎች ከፊቷ ዘርግታ ያንኑ አንድ ጥያቄ መልሳ መላልሳ ታነባለች። ከግድግዳው ማዶ የሹካውና የሳህኑ ድምፅ ይሰማታል፤ ሲያልቅ ደግሞ የእማሆይ ምርቃት። የሚመርቁት እሷን ነው። እጅሽ አይንጠፍ፣ እንደ ታመንሽ ኑሪ ይላሉ።

የገብርኤል በዓል ሲቃረብ እማሆይ ሁለቱንም ጠሩ። አምሳለች ከቢሮ መመለሷ ነው፤ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም። ለገብርኤል መቁረብ እንደሚፈልጉ ነገሯቸው። ባጃጅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ባምላኩ ተሸክሞም ቢሆን ያስገባቸዋል። መምሬ ኃይለ ሚካኤል ከበዓሉ በፊት መጥተው ንስሐቸውን ይሰማሉ። ሁሉን አስበው ጨርሰው ነው የጠሯቸው።

«ተኝቼ የሠራሁት ኃጢአት ብዙ ነው» አሉ። «ሲስተርን ተቆጥቻታለሁ። ባምላኩን አምቼዋለሁ። የጾሜን ነገር ከጠየቁኝ ግን መልስ አለኝ። ጠባቂዬ ፍሬ ናት እላቸዋለሁ።»

አምሳለች ስለ ባጃጁ አንድ ነገር ተናግራ ወጣች። ፍሬም ተከትላት ወጣች።

ማድ ቤት ውስጥ አምሳለች ሽንኩርት መክተፍ ጀምራ ነበር። ለምን እንደምትከትፍ ግልጽ አይደለም፤ ወጡ ተሠርቷል።

«ሊቆርቡ ነው እኮ» አለች ፍሬ።

«ሰምቻለሁ።»

«እንዴት ዝም እንላለን?»

አምሳለች ቢላዋዋን ሳታቆም መለሰች። ቁስሉ የዘጋው ግማሹ ብቻ እንደሆነ፣ አሁን ከሰሙ እንቁላሉን ብቻ ሳይሆን ዓሣውንም፣ ሽሮውንም እንደሚተዉ፣ እናቷን ከፍሬ ይልቅ እሷ እንደምታውቃቸው ተናገረች። አባቷ ሲሞት እማሆይ ስንት ቀን እህል ሳይቀምሱ እንደቆዩ አይታለች። ገና እስኪደርስ የቀረው ጥቂት ነው። ከጾሙ በኋላ እንቁላሉን በግልጽ ይበላሉ፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ ያልፋል።

«ኃጢአቱን እኔ እወስደዋለሁ» አለች። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽው። እግራቸው ከተቆረጠ፣ እሳቸው ከሞቱ፣ ንጽሕናው ለማን ነው የሚሆነው?»

ፍሬ የሽንኩርቱን ልጣጭ ሰበሰበች። እናቷ የተናገረችውን ሁሉ እሷም ማታ ማታ ለራሷ ስትነግረው ሰንብታለች፤ ስህተት አላገኘችበትም።

«የሚጠይቁት ግን እኔን ነው» አለች በመጨረሻ።

ቢላዋው ቆመ። አምሳለች ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ በሽንኩርቱ ቀልቷል፤ ወይም በሽንኩርቱ አይደለም። ከዚያ ሽንኩርቱን በእፍኟ ሰብስባ ሳህን ውስጥ አደረገችው፣ ሳህኑን ከደነችው።

በነጋታው ወደ ቢሮ ስትሄድ እንቁላሎቹን እንደ ሌላው ቀን ማድ ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። ግን አድርጊም አታድርጊም አላለችም።

*

ፍሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መብራት አልነበረም። ከሰል አያያዘች። ኮሽሙን ቀቀለች፣ አጠለለች፣ ማሩንና ዝንጅብሉን ጨመረች። እየተንተከተከ እስኪወፍር ድረስ ቆማ አማሰለች። ማንኪያውን አንስታ ጀርባውን አየች። ይዟል።

እንቁላሎቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። አንዱን አነሳችው፤ ቀዝቃዛና ቀላል ነው። መልሳ አስቀመጠችው።

ዓሣውን ዱቄት ብቻ አስነክታ ዘይቱ ውስጥ አስገባችው። እንቁላል ስለሌለው መጥበሻው ያዘው። ስትገለብጠው አንዱ ጫፉ ተቦጨቀና ነጩ ሥጋ ወጣ። ኮሽሙን አፈሰሰችበት። የተቦጨቀው ቦታ ሙሉ በሙሉ አልተሸፈነም። ማንኪያዋ ላይ የቀረ ነበር፤ ልትደፋበት ትችል ነበር። አልደፋችውም።

ክፍሉ ውስጥ እማሆይ ትራሳቸውን ተደግፈው ያነባሉ። ብርድ ልብሱ ከታመመው እግራቸው ላይ ከፍ ብሏል። ሳህኑን ጭናቸው አጠገብ ባለው ዱካ መቀመጫ ላይ አስቀመጠችላቸው፣ እጃቸውን አስታጠበቻቸው። እማሆይ ውኃውን አራግፈው ጣቶቻቸውን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ። ሌላ ቀን ማስታጠቢያውን ይዛ የምትወጣው በዚህ ሰዓት ነው። ዛሬ ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አኖረችው።

እማሆይ ዳዊታቸውን ዘጉ።

«ንጹሕ ነው?»

«የዛሬው ንጹሕ ነው፣ እማሆይ።»

ለማማተብ የተነሳው እጅ ደረታቸው ላይ ሲደርስ ቆመ። ውጪ ሲስተር ሃና ከሥራ ተመልሳ የግቢውን በር ስትዘጋ ተሰማ፤ ከቧንቧው ሥር ባልዲ አስቀመጠች፣ ቧንቧውን ከፈተች። እማሆይ ዓሣውን አዩ። የተቦጨቀውን ጫፍ አዩ። ከዚያ ልጅቷን አዩ። ፍሬ ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለገች፤ አልነበረም። ምሕረትም ፈለገች፤ እሱንም አላየችም። የሚጠብቅ ፊት ብቻ ነበር።

«የትናንቱስ?» አሉ።

ፍሬ ሄዳ በሩን ዘጋችው። በርጩማውን ከአልጋው ሥር ሳበችና፣ ከታመመው እግራቸው አጠገብ ተቀመጠች።